የበሩ ጥያቄ

«እናትሽ የቷ ናት?»

ዳሊላ ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች።

ስልኩ መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳር ጣሳው አጠገብ ቻርጅ ተሰክቶ ተቀምጧል። ማርሌኒ የአባቷን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ሁለት ወንበር አቀራርባ በሠራችው በር መሃል ቆማለች። በር ጠባቂ ለመምሰል ኮስተር ብላ ነበር፤ ብዙም አልዘለቀላትም።

«እናትሽ ስልክ ናት?»

«እማ እዛ ውስጥ ናት» አለች ዳሊላ። አምስት ዓመቷ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ስትጠየቅ ጠያቂው ያሳዝናታል።

«እሱንማ አውቃለሁ። ፓርኩ በር ላይ ግን እንደዚህ አይባልም። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ ‹እናትሽ የቷ ናት?› ስትልሽ ማንን ነው የምታሳዪው?»

ዳሊላ ጥግ ላይ ጥቁር ባቄላ ወደምትለቅመው የማርሌኒ እናት ዞረች። «አክስቴን።»

«አክስቴ አይባልም።»

«እማ ኢርማን።»

«ኢርማም አይባልም። እማ፣ በቃ። ሂጂና እንደገና ነይ።»

ዳሊላ ወደ ጓዳው በር ተመለሰችና ሰልፍ ያዘች። ሰልፉ ላይ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማርሌኒ አባት ረኔ ከኬትሳልቴናንጎ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የክር ፋብሪካ ይሠራል። ፋብሪካው በዓመት አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተከራይቶ ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ቆላ ወዳለው የመዝናኛ ፓርክ ይወስዳል። ቤተሰብ ማለት ሚስትና ልጅ ነው። የእህት ልጅ፣ አማት፣ ጎረቤት አይቆጠርም። እንግዳ ከፍሎ የሚገባበት ቀን አለ፤ ግን በሥራ ቀን ነው፣ ረኔ ደግሞ በሥራ ቀን ፈቃድ የሚያገኘው ሰው ሲሞትበት ብቻ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የልደት ወረቀት አይጠየቅም። በወረቀቱ ፋንታ በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ልጁን ራሱን ትጠይቀዋለች። አምና ባሏ እዚያው ፋብሪካ የሚሠራው የጎረቤታቸው የዶኛ ቶና የልጅ ልጅ ተጠይቆ «እናቴ ገበያ ናት» ብሎ መለሰና ቀኑን ሙሉ ከአያቱ ጋር አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ሰፈሩ እስካሁን ይስቅበታል።

ዳሊላ የኢርማ ታናሽ እህት የኦዲሊያ ልጅ ናት። ኦዲሊያ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ዶሮ በሚታረድበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች።

ልጅቷን የማለማመዱ ሥራ ማርሌኒ ላይ የወደቀው ኢርማ አንድ ማታ እራት ላይ በተናገረችው ነገር ነው። «በሩ ላይ የምታዋርደን ከሆነ እዚሁ ትቀራለች። ብቻዋን ደግሞ አትቀርም፤ ዶኛ ቶናም ከእኛው ጋር ናት የምትሄደው። አንቺ አብረሻት ትቀሪያለሽ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አስራ አራት ዓመትሽ ነው» አለች ኢርማ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ማርሌኒ መቅረት አልፈለገችም። አምና ኩፍኝ ይዟት ቀርታለች። ዘንድሮ ከክፍል ጓደኛዋ ከሼኒ ጋር፣ የሼኒም አባት እዚያው ፋብሪካ ስለሚሠራ፣ ሁሉን ነገር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር፣ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ሰማይ የሚያሳየው የፓርኩ መወዛወዣ መርከብ፣ ሲወረወር እጅ ወደ ላይ፣ የጮኸች የሌላኛዋን ቦርሳ ትሸከማለች። ስለዚህ ሥራዋን እንደ ፈተና ያዘችው።

ሌላውም ዝግጅት ቀላል አልነበረም። ዳሊላ ከደጋው ወርዳ አታውቅም፣ ከአንድ ሰው በላይ ያለበት ሰልፍም አይታ አታውቅም። ማርሌኒ ጠዋት ጠዋት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ከአባቷ ኋላ እያቆመች ተራ መጠበቅ አስተማረቻት። የቤቱን ስልክ ቁጥር በዜማ አስጠናቻት። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ የምታሸተው ሎሚና የምታስመልስበት ፌስታል አዘጋጀችላት። ዳሊላ ፌስታሉን ወደደችውና አሻንጉሊቷን ከተተችበት። ኦዲሊያ በላከችው ብር ቢጫ የዋና ልብስና ነጠላ ጫማ ተገዛላት፤ ነጠላ ጫማውን በዚያ ብርድ ካልሲ ላይ አድርጋ ቤት ለቤት እያንኳኳች አሳየች።

የበሩ ጥያቄ ግን አልገባ አላት። ስልኩን ታሳያለች፤ ስልኩ ከሌለ ስልኩ የት እንዳለ ትጠይቃለች።

መፍትሔው ከዶኛ ቶና ቤት ተገኘ። ዶኛ ቶና በቸኮላት የተነከረ ሙዝ በእንጨት ሰክታ፣ አቀዝቅዛ በመስኮት ትሸጣለች። ማርሌኒ ሁለት ገዛች። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ አንድ ንክሻ፣ ለስልክ ምንም። ዳሊላ ሁለተኛው ሙዝ ሳያልቅ ገባት። ሮጣ ሄዳ የኢርማን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ፣ «እናቴ ይቺ ናት» አለች፤ አገጯ ላይ ቸኮላት እንዳለ።

ኢርማ ለቶርቲያ ቂጣ የምትጠፈጥፈው ሊጥ እጇ ላይ ቀረ።

«እንደገና በይው እስቲ» አለች።

«እናቴ ይቺ ናት።»

«ጎበዝ» አለች ኢርማ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ያን ቀን ምሳ ላይ ዳሊላ ከአባወራው የሚበልጥ ሥጋ ደረሳት። ረኔ ሳህኑን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ባቄላውን በላ።

ማርሌኒም አይታለች። እናቷ እንደዛ ስትፈግግ መቼ እንዳየቻት ለማስታወስ ሞከረችና አልመጣላትም። ትንሽ ቅናት ቢጤ ሸነቆጣት፤ ከዚያ አለፈ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦዲሊያ ደወለች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበረች፤ ከኋላዋ የሰው ልብስ በመስታወት ውስጥ ይሽከረከራል። ዳሊላ ቢጫውን የዋና ልብስ በሹራቧ ላይ ደርባ ስልኩ ፊት ዞረችላት።

«ቆንጅዬዬ፣ እንዴት አምሮብሻል» አለች ኦዲሊያ። «ሙቀቱን ትችዪዋለሽ? እኔ ልጅ ሆኜ ቆላ ስወርድ አፍንጫዬ ይደማ ነበር።»

«እችለዋለሁ። ተለማምጃለሁ።»

«ሙቀት ተለማመድሽ?»

«አይደለም። በሩን።»

ኢርማ ድስት ታጥብ ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው።

«ሰልፍ መያዝ ነው» አለች ማርሌኒ ፈጠን ብላ፤ ጭንቅላቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ። «ተራ መጠበቅ አስተምሬያት ነው፣ አክስቴ።»

«ሰልፍም አለ» አለች ዳሊላ፤ መዋሸት አልፈለገችም። «ከሰልፉ በኋላ ግን ሴትዮዋ እናትሽ የቷ ናት ትለኛለች። እኔ ደግሞ እናቴ ይቺ ናት እላለሁ።» ኢርማን አሳየች። ከዚያ ልምድ ሆኖባት ወደ ማርሌኒ ዞራ አፏን ከፈተች፤ ሙዙን እየጠበቀች።

ከኦዲሊያ ኋላ ያለው ማሽን መዞሩን ጨርሶ ቆመ።

«መግቢያው ለሠራተኛ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው» አለች ኢርማ፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ። «ለአንድ ቀን ነው፣ ኦዲ። ልጅቷ እንዳይቀርባት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ምን ችግር አለው» አለች ኦዲሊያ። ሳቀች። «ብልጦች ናችሁ። ዳሊ፣ ጮክ ብለሽ በይው እሺ? እየተንተባተብሽ እንዳታስነቂ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ» አለች።

ኔትወርኩ አልተቆራረጠም። ማርሌኒ ስልኩን የያዘችው እሷ ስለነበረች የአክስቷ መዳፍ መጥቶ ካሜራውን ሲሸፍን አይታለች። ኦዲሊያ መልሳ አልደወለችም።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ማርሌኒ ነገሩን ለሼኒ ነገረቻት። ሼኒ ማንጎዋን በጨውና በሚጥሚጣ እየበላች አዳመጠቻት።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቃል ናት። እኔ ለዛ መርከብ ብዬ እናቴ የጂኦግራፊ መምህሯ ናት እል ነበር።»

«አንቺ እናትሽ ቤት ናታ።»

«እና?»

«እናማ ማታ ስትመለሺ ታገኛታለሽ።»

ሼኒ ጣቷን ላሰች። «አሁን ሙድ አትስበሪ። ትመጫለሽ አትመጪም?»

«እመጣለሁ» አለች ማርሌኒ። እውነቷን ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ረኔ ከፋብሪካው ሁለት ቅጽ ይዞ መጣ፤ አንዱ የሚሞላ፣ ሌላው ቢበላሽ መጠባበቂያ። በማግስቱ ጠዋት ለቢሮ መድረስ አለበት። ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ይጻፋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም። ቢሮው ከዚያ ውስጥ ማን አውቶቡስ እንደሚሳፈር ለይቶ ዝርዝሩን ለፓርኩ በር ይልካል። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምትሞላው ማርሌኒ ናት፤ ረኔ የእጅ ጽሑፉን ራሱም ማንበብ አይችልም። ቅጹን ሰጥቷት ሊታጠብ ገባ።

ማርሌኒ ጠረጴዛውን ጠርጋ ተቀመጠች። የአባቷን ስም ጻፈች፣ የእናቷን፣ የራሷን። ከዚያ ዳሊላን ለመጨረሻ ጊዜ ልታለማምዳት ጠራቻት።

«ነይ እስቲ። እናትሽ የቷ ናት?»

ዳሊላ አልመለሰችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋ ላይ ቆማለች።

«ሙዝ ስለሌለ ነው? ቅዳሜ እገዛልሻለሁ።»

«አልፈልግም።»

«መርከቡንስ? ፓርኩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ባቡርስ?»

«አልሄድም» አለች ዳሊላ። ነጠላ ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ እንደ መጣበት አድርጋ፣ አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ አዙራ አስተኛችው። ክዳኑ አልገጥም ብሏት ታገለችው።

ማርሌኒ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ማን ተቆጣሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ዳሊላ ክዳኑን ትታ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ቅጹን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ወረቀት ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ባለፈው ወር ኢርማ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣላት ወደ መዝገብ ቤት ይዛት ሄዳ ነበር፤ ኦዲሊያ ልጇን ለመውሰድ የጀመረችው ጉዳይ ስላለ። መስኮቱ ኋላ የነበረው ሰውዬ ለኢርማ ነገሩን ሦስት ጊዜ አስረድቷታል፤ ያሳደገ አይቆጠርም፣ እናት ማለት ወረቀቱ ላይ የተጻፈችው ናት ብሎ። ትልልቆቹ ልጅ አይሰማም ብለው ነበር።

«በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ» አለች ዳሊላ፣ «ያልኳትን ትጽፈዋለች?»

«ምኑን?»

«እናቴ አክስቴ ናት ያልኩትን።»

ማርሌኒ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ከተጻፈ» አለች ዳሊላ፤ በጣም አስባበት ነበርና ሳትቸኩል ነው የምትናገረው፤ «እማ ልትወስደኝ ስትመጣ ወረቀቱን ያሳይዋታል። ያንቺ አይደለችም ይሏታል። እማ ደግሞ ትመለሳለች። ባለፈው ስልኩን የዘጋችው ለዛ ነው።»

አይጻፍም ማለት ቀላል ነበር። ዳሊላ ማርሌኒ ያለቻትን ሁሉ ታምናለች። ከከተማው በላይ ያለው እሳተ ገሞራ የሚያጨሰው ቁርሱን ስለሚያበስል ነው ብላት አምናታለች። የመዝናኛ ፓርክ በር ላይ የሚሞላ ዝርዝር የማንንም እናት እንደማይቀይር ማርሌኒ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነጠላ ጫማው ከካርቶኑ ይወጣል፣ ቅዳሜ የኋላ ወንበር ላይ ከሼኒ ጋር ትቀመጣለች። አፏን ከፈተች።

ግን ልጅቷ ፊት ለፊቷ በካልሲዋ ቆማ መልስ ትጠብቃለች፤ መርከቡንም፣ ባቡሩንም፣ ቢጫውንም ልብስ ትታዋለች። ማንም ተዪ ሳይላት። በሁለት ሙዝ ያስተማረቻት ማርሌኒ ራሷ ነበረች።

«ይጻፋል» አለች። «የሚጻፈው እዚህ ነው። እኔ ነኝ የምጽፈው።»

እስክሪብቶውን አነሳችና የዳሊላን ስም ጻፈች። ዕድሜ፣ አምስት። በእናት ስም ቦታ ላይ ሳታዝረከርክ፣ ከራሷ ስም ይልቅ አሳምራ፣ የአክስቷን ሙሉ ስም ከነአባቷ ጻፈችው።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለች ዳሊላ።

«ኦዲሊያ ብዬ።»

«የቱ ጋ?»

«ይኸውልሽ። ይሄ ክቡ የመጀመሪያው ነው።»

ዳሊላ ጣቷን ክቡ ፊደል ላይ አድርጋ ዙሪያውን ሄደችበት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ፊደሉ ተዘረጋና ትንሽ ጭራ አወጣ።

ኢርማ ከትከሻቸው በላይ ቆማ እያየች እንደነበር ያወቁት ስትናገር ነው።

«ቢሮ ይህን ካየ አውቶቡስ ላይ አያሳፍራትም።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ብዙ ደክመሽበት ነበር።»

«አዎ።»

ኢርማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተናደደች አትመስልም፤ ማርሌኒ ብትናደድ ይሻላት ነበር። «ሁለት ዓመቷ ላይ ነው የተቀበልኳት» አለች ኢርማ ወረቀቱን እያየች። «ትኩሳቷን፣ ጥርሷን፣ ሁሉን እኔ ነኝ ያየሁት። አንድ ቀን እማ ብትለኝ፣ በሰው ፊት፣ ምን ነበረበት?»

ኢርማ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ዳሊላ ሄዳ ኢርማ ጭን ላይ ወጣች፤ ሁልጊዜ እንደምትወጣው፣ ጉልበቷን ሆዷ ላይ እያስደገፈች። ኢርማ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበችላት።

«አንቺም ትቀሪያለሽ» አለች ለማርሌኒ። «ገብቶሻል? አባትሽና እኔ አብረናት ልንሄድ ለቶና ቃል ገብተናል።»

«ገብቶኛል።»

«ሼኒስ?»

«ነገ እነግራታለሁ።»

ሼኒ ምን እንደምትላት ታውቃለች፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንደምታኮርፋትም። ያ መርከብ ዘንድሮም ያለሷ ይወረወራል። ማንም ፊቷን እንዳያይባት አጎንብሳ ቅጹን እፍ እያለች ማድረቅ ጀመረች።

ረኔ ጸጉሩን በፎጣ እያሸ ከመታጠቢያ ወጣ። ወረቀቱን አንስቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አራተኛው መስመር ላይ ቆየ። ሚስቱን አየ፣ ጭኗ ላይ ያለችውን አየ፣ የተዘረጋውን ቀለም በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለ። «ሌላ ቅጽ ሰጥቼሽ አልነበር?»

«አለ» አለች ማርሌኒ፤ እስክሪብቶውንም አቀበለችው። «ይሄኛው ላይ ፈርም፣ አባ።»